ከካባሌር የተቀበለው መስቀል

የከዚራ ጓደኞቼ፣ ስመለስ «እህ፣ ደጋው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። «ብርድ ነው» ብዬ ዝም ያልኩት ስለደከመኝ ብቻ አይደለም። ሳወራው ህልም የምነግራችሁ እንዳይመስልባችሁ ፈርቼ ነው። አሁን ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ላቡም እንደ ወትሮው በጀርባዬ ይወርዳል፤ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ከእናንተ ውስጥ የድሬን ሙቀት ትቶ ዳባት ድረስ የሚሄድ አንድም ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። አቦ፣ ተቀምጣችሁ አንብቡት።

ለማያውቀኝ ሰው ደግሞ፦ ወርቅ ሠሪ ነኝ። ከቀለበትና ከሐብል ሌላ አንድ አመል አለብኝ፤ የተሰበረ ኒሻን መጠገን እወዳለሁ። ይህን ያስለመደኝ በልጅነቴ ከአባቴ ሱቅ የማይጠፋ አንድ ጣሊያን ሽማግሌ ነው። ሰውዬው ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ሲገዛ እንኳ «ካቫሊየሬ» ብለው ካልጠሩት ዞሮ አያይም ነበር። ካቫሊየሬ የጣሊያን መንግሥት ኒሻን የመጀመሪያው ማዕረግ ነው። ከሱ በላይ ኡፊቻሌ አለ፣ ከዚያ ኮመንዳቶሬ፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኛ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች እንደምንለው ማለት ነው። ሽማግሌው በራሱ እየሳቀ «በአገሬ ሲጋራና የካቫሊየሬ መስቀል ለማንም አይነፈግም» ይለን ነበር። ያም ሆኖ የራሱን መስቀል በየሳምንቱ ያስወለውለን ነበር።

የጉዞው ምክንያት መምህር ሙሉቀን ነው። ድሬ ሲያስተምር የሚስቱን ቀለበት አስጠግኖኝ፣ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኳቸውን ኒሻኖች አይቶ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ከአገሩ ከዳባት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አክስቴ ቤት አንድ መስቀል አለ። የጣሊያን ኒሻን ነው ይላሉ። እሑድ ሳይደርስ የሚያውቅ ሰው እንዲያየው እንፈልጋለን።»

እሑድ ደብሩ የአካባቢውን አርበኞች ስም በድንጋይ ለማስቀረጽ ዝርዝሩን ያጸድቃል። የአክስቱ የእማሆይ ዘርፌ አባት፣ አያ ብሩ የሚባሉ፣ ከዝርዝሩ ይውጡ የሚል ክርክር ተነሥቷል። አያ ብሩ ስለ መስቀሉ በሕይወታቸው የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ከካባሌር ተቀበልሁት» ብለዋል። እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛችን የተሸለመም ሽልማቱን ተቀበለ ይባላል፤ ጠላቱን ማርኮ ጠመንጃውን የወሰደም ጠመንጃውን ተቀበለው ይባላል። የሚወዷቸው ማረኩ ሲሉ፣ የማይወዷቸው ባንዳ ሆነው ተሸለሙ እያሉ፣ ሰውየው በአንድ ግሥ ሁለት ሰው ሆነው ኖረው ሞቱ።

ረቡዕ

ከድሬ የተነሣሁት በቀጭን ሸሚዝ ላይ የልጄን ወፍራም ጃኬት ደርቤ ነው። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው፤ የዘወትር ኮቴን ሳወልቅ ማጉያ መነጽሬን ኪሱ ውስጥ ረሳሁት። አውሮፕላን ውስጥ እያንቀላፋሁ ጣናን ያየሁ መሰለኝ። ሰፊ፣ ዝም ያለ፣ የብር ቀለም ያለው ነገር ነበር። ደመናም ሊሆን ይችላል። የጎደለኝን ያወቅሁት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ኪሴን ስዳብስ ነው። ከአገር አገር ተሻግሬ የመጣሁት አንዲት ነገር ለማየት፣ ማያዬ ደግሞ ድሬ ቀርቷል!

በባጃጅ ፒያሳ ገባሁ። የደበዘዘ ቢጫ ግድግዳ፣ ጥጉ ክብ የሆነ ሕንፃ፣ በረንዳ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው። የእኛን ከዚራ የባቡር ሰዎች ሠሩት፣ ይህን ጣሊያኖቹ፤ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ግን ቤቴ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ብርዱ ያስታውሰኛል።

አንድ በረንዳ ሥር ዓይኑ ላይ ማጉያ የሰካ ሰዓት ሠሪ አገኘሁ። ማጉያ የሚሸጥበት ቦታ ጠየቅሁት።

«ምን ሊያዩበት ነው ጋሼ?»

«አንድ የጣሊያን ኒሻን። ዳባት አካባቢ።»

ከዓይኑ ላይ ነቅሎ በእጄ አስጨበጠኝ። «ሲመለሱ ያመጡልኛል።»

«ምነው፣ ሥራህስ?»

«አሮጌ አለኝ። ጭረት አለበት እንጂ ያሳያል።»

ስሜን አልጠየቀኝም። እኛ አገርም ሰው ይሰጣል፤ ግን መጀመሪያ አንድ ሰዓት እናወራበታለን። (መልሼለታለሁ፤ ደግሞ ታሙኝ ይሆናል።)

ሐሙስ

ወደ ዳባት የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ነገ ይከፈት ይሆናል፣ ላይከፈትም ይችላል። ያረፍኩባት ቤት ባለቤት እትዬ ማንጠግቦሽ ስንቀጠቀጥ አይታ የባሏን ጋቢ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «ባለቤትሽስ ምን ሊለብስ ነው?» ብላት «እሱ ብርድ አያውቅም፤ እርስዎ ግን ልብ ላይ ሊደርስብዎ ነው» አለችኝ።

ስለ ቤተ መንግሥቱ አልጽፍም፤ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ጥግ በጋቢ ተጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ደወል ከአንዱ ደብር ይነሣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ከሩቅ ይመልሳል። እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ደወሉ አሁንም አለ። ድሬ ላይ ብሆን በሥራ ሰዓት መተኛቴ ያናድደኝ ነበር። እዚህ ግን ጊዜው ራሱ ያንቀላፋ ስለመሰለኝ አላፈርኩም።

ዓርብ

መንገዱ ተከፈተ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ወገራን ጉም ሸፍኖት ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የሚነዳ እስኪመስል ቀስ ይላል። ጉሙ በተገለጠ ቁጥር የገብስ ማሳ ይታይና ተመልሶ ይጠፋል። እንቅልፍ ጥሎኝ ስነቃ ጭንቅላቴ አጠገቤ በተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ ትከሻ ላይ ነበር። ይቅርታ ስላት «ምን ቸገረኝ፤ ሸጋ እንቅልፍ ነበር፣ ላንቃዎት አልደፈርሁም» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ።

ዳባት ላይ ሙሉቀን በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ግመል ሲጫን ያየ ሰው በቅሎ አይከብደውም ብዬ ጎረርኩ። መንገዳችን ላይ ያለውን ወንዝ ስንሻገር በቅሎዋ ውሃ ልትጠጣ አንገቷን ስትሰድ፣ እኔም በአንገቷ በኩል ተንሸራትቼ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ሦስት ገበሬዎች ከማሳቸው ሮጠው መጡ። መጀመሪያ አነሡኝ፣ ከዚያ ጠረጉኝ፣ ከዚያ ነው የሳቁት። ተራውን አልሳቱም።

እማሆይ ዘርፌ ደጃፍ ቆመው ነበር። የመነኩሴ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ግን የልጅ የሆነ ሴት ናቸው። ሳልቀመጥ ውሃ አሙቀው እግሬን ሊያጥቡ ተንበረከኩ። ጎንበስ ብዬ ልከላከል ስል «ተው ልጄ፤ የእንግዳ እግር ነው» አሉኝ። ከእናቴ ወዲህ እግሬን ያጠበኝ ሰው የለም።

የጾም ቀን ስለሆነ የገብስ እንጀራ በሽሮና በአዋዜ የታሸ ድንች በላን። የገብስ እንጀራ እንደኛ ስስ አይደለም፤ አንድ ጉርሻ ሁለት ይሆናል። ስለ መስቀሉ ላነሣ ስል «ነገ፤ ዛሬ እንግዳ ነህ» ብለው ከለከሉኝ። ቆየት ብለው ግን እሳቱን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ስሙ ድንጋይ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር እኔ አልሞትም። አባቴ ለእኔ ብቻ የነገረኝ አንድ ነገር አለ። እውነት መሆኑን ነው ማወቅ የምሻ። ዋሽቶኝ ከሆነ ዋሽቶኛል በለኝ። አትራራልኝ።»

ቅዳሜ

ረፋዱ ላይ የደብሩ ቄስና አያ ደስታው መጡ። አያ ደስታው የአርበኞች ዝርዝር ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው በጦርነቱ የወደቁ ስመ ጥር አርበኛ ስለነበሩ ከዝርዝሩ አናት ላይ ተጽፈዋል። አያ ብሩን ባንዳ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

እማሆይ መስቀሉን ከሣጥን አወጡ። ቄሱ ተሳለሙት፤ ሙሉቀን ተሳለመው። አያ ደስታው አልተሳለሙም። ማንጠልጠያ ቀለበቱና ሪባኑ እንደ ክታብ በቆዳ ተሰፍተው ተሸፍነዋል፤ ነጩ መስቀል ብቻ ከቆዳው በታች ተንጠልጥሏል። ሳየው ያ የልጅነቴ ሽማግሌ ሱቃችን የገባ መሰለኝ። ያው ነው፤ ኢናሜል በሚሉት እንደ መስተዋት በሚያበራ ነጭ ቅብ የተሸፈነ፣ በክንዶቹ መካከል የወርቅ ክር ቋጠሮ ያለው።

ቄሱ ቀደሙኝ። «ፊቱ ላይ ያለው አክሊለ ሰማዕታት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ንስር ደግሞ ወንጌላዊው ዮሐንስ ነው። ኒሻን የሚሉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ይህ ንዋየ ቅድሳት ነው።»

ንስሩ የጣሊያን ንጉሥ ቤት ምልክት መሆኑን በትሕትና ነገርኳቸው። ኒሻኑ «የጣሊያን ዘውድ» ይባላል፤ ተበታትና የነበረችው ጣሊያን አንድ መንግሥት ስትሆን ንጉሡ ያቋቋሙት ነው። ንጉሣቸውን ካሰናበቱ ወዲህ ቀርቷል። ሪፐብሊኩ በፋንታው ሌሎች ኒሻኖች አቁሟል፤ አንዱ አገራቸውን ላገለገለ ነው፣ አንዱ ደግሞ በውጭ አገር ስማቸውን ላስጠራ። «ዘውዱ ግን» አልኩ፣ «የብረት ዘውድ የሚሉት ነው። ውስጡ ጌታችን ከተቸነከረበት ችንካር የተሠራ ብረት አለበት ብለው ያምናሉ።»

ቄሱ ብድግ አሉ። «ከቅንዋቱ? አላልኋችሁም!» ደግመው ተሳለሙት። እኔም እሳቸውን ላርም ተነሥቼ ራሴ ታርሜ ተቀመጥኩ።

አያ ደስታው ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይሁን። የተሸለመው ማን ነው? እሱን ንገረን።»

«እነዚህ መስቀሎች ላይ ስም አይቀረጽም፤ ስሙ ያለው አብሮ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ነው። ቆዳውን ፈትቼ ውስጡን ካላየሁ የምለው የለኝም።»

«እንግዲያ ነገ በሸንጎው ትነግረናለህ» ብለው ወጡ፤ ቄሱም ለሰዓቱ ጸሎት ተከተሏቸው።

እማሆይ ቆዳውን በወስፌ ራሳቸው ፈቱት። ከውስጥ የደበዘዘ ቀይና ነጭ ሪባን ወጣ። ሪባኑ ደግሞ በአንዲት አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የሰዓት ሠሪውን ማጉያ ዓይኔ ላይ ሰክቼ በር ላይ ብርሃን ውስጥ ቆምኩ። ረጅም ጊዜ አየሁት። ከማሳው ነፋስ ሲመጣ የገብሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«እማሆይ» አልኩ፣ «ይህ የኮት ጨርቅ አይደለም። ገበር ነው። ልሙጥ ነው፤ አንድ በኩሉ በላብ ወይቧል። መስቀሉ የተሰፋው ከኮቱ ውስጥ ነበር፣ ማንም በማያየው በኩል። በጣሊያኖች የተሸለመ ሰው ደረቱ ላይ ሊያሳይ ነው የሚሸለመው፤ ከሌላ ኮት ገበር ጋር ቆርጠው አይሰጡትም። ሬሳ የሚገፍፍም የሚታየውን ይነጥቃል እንጂ ገበር ውስጥ ያለውን አያውቅም። ባለቤቱ ራሱ ኮቱን ከፍቶ ካላሳየ በቀር።»

«ተቀዷል ወይስ ተቆርጧል?» ድምፃቸው ቀጠነ።

«በስለት ነው። ቀስ ተብሎ፣ በአራቱም በኩል።»

እማሆይ መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሙሉቀንም በሩን ተደግፎ ቆመ።

«አልዋሸኝም» አሉ በመጨረሻ። «ጣሊያኑን ከጥድ ሥር ቆስሎ አገኘሁት አለኝ። መሣሪያው ከእጁ ወድቋል። ልተኩስ ስል ውሃ ለመነኝ፤ በእጁ ነው የለመነኝ፤ በአፉ አልተግባባንም። ኮዳዬን ሰጠሁት። ከጠጣ በኋላ ኮቱን ከፈተና ወደ ካራዬ ጠቆመኝ። ሰጠሁት። ምነው ካራ ሰጠኸው ስለው፣ ሊወጋኝ አቅም አልነበረው አለኝ። ከልቡ በኩል ገበሩን ቀስ አድርጎ ቆረጠና መስቀሉን በእጄ አስያዘኝ። ካባሌር፣ ካባሌር እያለ ሞተ። ቀበርሁት አለኝ። ጠላት አጠጥቶ ቀበረ እንዳይሉት ለሰው አልነገረም። በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤልን ስሙን አስጠርቶ ያዘክርለት ነበር። እኔም እስከ ዛሬ አዘክርለታለሁ።»

«ምን ብለው ነው የሚያስጠሩት?»

«ካባሌር ብየ ነዋ።»

መናገር ነበረብኝ? እስካሁን አላውቅም። ግን አትራራልኝ ብለውኛል። ካባሌር ያው ካቫሊየሬ መሆኑን፣ ስም ሳይሆን እንደ ግራዝማች ያለ ማዕረግ እንደሆነ ነገርኳቸው። በእንባቸው መሃል ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

«ወይኔ ልጂቱ! ሰማንያ ዓመት ሙሉ ግራዝማች ይማር ስንል ኖርን በለኛ!»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በደብሩ አጸድ ጥዶች ሥር ተቀመጠ። ጸሐፊው ስሞቹን ሲያነብ በየስሙ እልል ይባላል። አያ ብሩ ጋ ሲደርስ ዝም ተባለ፤ አያ ደስታው በዘንጋቸው ጠቆሙኝ።

ተነሥቼ ያየሁትን ተናገርኩ፣ የሰው ምስጢር ግን አላወጣሁም። መስቀሉ የሌላ ሰው ነበር፤ ከሌላ ሰው ኮት የወጣ ነው፤ ለአያ ብሩ የተሰጠ ሽልማት አይደለም አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው «ማርኮታላ!» ብሎ ጮኸ። «ሸጋ! ጻፍ!» አሉ ሌሎች። ሴቶቹ እልል አሉ። ጸሐፊው «የጣሊያን ኒሻን የማረከ» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። የሚፈለገው ሁሉ ሆነ። እማሆይ ዝም ቢሉ ኖሮ አባታቸው ከሁሉ የላቁ ጀግና ሆነው ይቀረጹ ነበር።

ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«ሰርዘው። አባቴ አልማረከውም። በጫካ ለአገሩ የሠራውን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ይህን ሰው ግን ውሃ አጠጣው፤ ሲሞትም ቀበረው። መስቀሉን ሰውየው በእጁ ሰጠው። ይህን ችላችሁ ስሙን የምትጽፉት ከሆነ ጻፉት። ካልሆነ አውጡት።»

እልልታው እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ። አያ ደስታው ቀስ ብለው «ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ታዲያ?» አሉ።

«ውሸት ቢሆንስ ብየ ፈራሁ። ልጁን ሊያጽናና የፈጠረው ቢሆንስ? ሳላውቅ በእሱ ላይ ልምል?»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አያ ደስታውን ያያል። ሕዝቡም እሳቸውን ያያል። አንድ ልጅ አለቀሰ፣ እናቱ ዝም አሰኘችው።

«የማረከ የሚለውን ሰርዝ» አሉ ሽማግሌው። «ስሙን ተወው።»

ሰኞ

እስከ ዳባት የሚሸኘኝ ሙሉቀን ይሆናል ስል፣ አያ ደስታው በቅሎዋን ስበው መጡ። በዚያ ዕድሜ እሳቸው በእግር እኔ በበቅሎ አላምርም ብዬ ሁለታችንም በእግር ሄድን። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር፤ ከፊት ያለው መንገድ አሥር እርምጃ ያህል ብቻ ይታያል። ቀኝና ግራችን ገብስ ይሁን ገደል አላውቅም። ድሬ ላይ ሁለት ሰዎች ያን ያህል ዝም ብለው ከሄዱ ተጣልተዋል ማለት ነው።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«እኔ በእናቴ ሆድ እያለሁ ነው አባቴ የወደቀው» አሉ። «ስሙ ከድንጋዩ አናት ነው። ጀግና ነበር ይሉኛል፤ ነበርም። ለእኔ ግን አንድ የነገረኝ ነገር የለም።»

የበቅሎዋን አንገት ደባበሱና ቀጠሉ።

«አያ ብሩ ደጃፉ ላይ ሁኖ ለዘርፌ ሲያወጋት ከበረት ጀርባ አያቸው ነበር። ገና ልጆች ነን። ድምፁ አይሰማኝም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። ሂጄ ልቀመጥ እልና አፍራለሁ። ባንዳ ማለት የጀመርሁ ያኔ ነው። ቀንቼ ነው።»

«አያ ደስታው፣ ለእማሆይ ይህን ነግረዋቸዋል?»

«ትናንት ማታ ሂጄ ነግሬያታለሁ። ምነው ያኔ አልመጣህም፣ ቦታ ነበር አለችኝ።» የበቅሎዋን ልጓም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዞሩ። «አንተ ይህን ትጽፈዋለህ፣ አይደል?»

«ለጓደኞቼ እጽፈዋለሁ።»

«እንግዲያ ስትጽፈው፣ እኔም እዚያ ደጃፍ ላይ እንደነበርሁ አድርገህ ጻፈኝ።»

ጓደኞቼ፣ እስካሁን የጻፍኩላችሁ ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት ነው። የሚቀጥለው ብቻ ያየሁትም የሰማሁትም አይደለም፦ አያ ብሩ ያን ቀን ደጃፋቸው ላይ ሆነው ሲያወጉ ልጆቹ ሁለት ነበሩ። ደስታው ከዘርፌ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም ሰምቷል።